ጭስ ጭስ ነው

ማናሴ የአጎቱን ጸሎት በየማለዳው ሁለት ጊዜ ይሰማል፤ አንድ ጊዜ በግድግዳው፣ አንድ ጊዜ በስልኩ። ግድግዳው ይቀድማል። አቢሶ በወዲያኛው ክፍል «ጌታ ሆይ» ሲል በጡቡ አልፎ ይመጣና፣ ማናሴ ገና አሜን ሳይል ያው «ጌታ ሆይ» ትራሱ ላይ ከተቀመጠው ስልክ እንደገና ይወጣል። ኮሮና ቸርቹን ካዘጋው ወዲህ የኮዝሞ ሲቲ ምዕመናን የሚጸልዩት በስልክ ነው። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስልሳ ሰባ ሰው በአንድ መስመር ይገባል፤ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አቢሶ ይመራል፤ ሌላው ድምፁን ዘግቶ ያዳምጣል። በዚያ የሐምሌ ማክሰኞ አቢሶ ስለ ታመሙት ጸለየ፤ ስለ ደቡብ አፍሪካ መንግሥት ጸለየ፤ ከዚያ «አሁን ደግሞ እያንዳንዳችን በልባችን በዝምታ እንጸልይ» አለና የራሱን ድምፅ መዝጋት ረሳ።

በዝምታው መሐል መጀመሪያ የተሰማው የሌላ ስልክ ጥሪ ነው። አቢሶ ሁለት ስልክ አለው፤ አንዱ የጸሎት፣ አንዱ የንግድ። ጉሮሮውን ጠረገና «ካርቶኑ ሁለት ሺህ ራንድ ነው» ሲል በግድግዳውም በስልኩም ተሰማ። «ከዚያ በታች የለም። ሲጋራ አሁን ወርቅ ሆኗል፣ ወንድሜ። እኔስ መንግሥት የሽያጩን እገዳ ባያነሳው ነው የምመኘው። አሥር የምትወስድ ከሆነ መቶ መቶ ራንድ እቀንስልሃለሁ። ከድንበር ማዶ የመጣ ነው፤ አልደረቀም።» ይህን ሁሉ ሰባ ሰው ሰማ። ማናሴ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ «ወንድም አቢሶ፣ ይሰማል» እንዲል ጠበቀ። ማንም አላለም። አቢሶ ንግዱን ጨርሶ ወደ ጸሎቱ ስልክ ተመለሰና «በኢየሱስ ስም» ሲል፣ ቀድሞ ሽማግሌው በላይነህ «አሜን» አለ፤ ሴቶቹ ተከተሉ፤ ከዚያ ሁሉም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ያን ቀን ግን ከአፍ የወጣውን ሰባ ሰው ተረባርቦ በአሜን ሸፈነው።

ማናሴ አሜን አላለም። ደሙ ፈልቶ ነበር፤ ለመፍላቱም ምክንያት ነበረው። ጥር ላይ፣ በሽታው ከመምጣቱ በፊት፣ ይኸው ሰው በዚሁ ድምፅ ከኳየሩ አግዶታል። ማናሴ በቀን አንድ ፓኬት ሲጋራ ያጨስ የነበረ ሰው ነው፤ ማጨሱንም የለመደው እዚሁ፣ በአጎቱ ሱቅ መስኮት ሥር፣ ከብረት ጀርባ በቀን አሥራ አራት ሰዓት ብቻውን ተቀምጦ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ሲጋራውን በቬፕ ተክቶ አንዲት አላጨሰም። ቬፕ ማለት ያቺ በፈሳሽ የምትሠራ፣ በባትሪ የምትሞቅ፣ እንፋሎት የምትተፋ ጣት የምታህል ነገር ናት። ጽድቅ ናት ብሎ አያውቅም፤ ቁስሉ ባይድን እንኳ ደርቋል ነበር የሚለው። አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ከቸርቹ ጀርባ እንፋሎቱ ከአፉ ሲወጣ አንድ ሰው አየውና ሽማግሌዎች ፊት ቀረበ። ሲጋራ ማቆሙን፣ ይህቺም ለማቆሚያ መሆኗን እየማለ ቢያስረዳ፣ አቢሶ በመጽሐፍ ቅዱሱ ጠረጴዛውን ቀስ ብሎ መታ መታ አደረገና «ጭስ ጭስ ነው» አለ። «አመል ያወጣል ከመሐል።» በላይነህ ራሱን ነቀነቀ፤ ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

መጋቢት ላይ ደግሞ መንግሥት የሰውን ሳንባ ላድን ብሎ ሲጋራም ቬፕም እንዳይሸጥ ከለከለ። ሲጋራው በሳምንቱ በጓሮ በር ተመልሶ መጣ፤ በአምስት እጥፍ ዋጋ ይሁን እንጂ እዚህ ስፓዛ በሚሏቸው የሰፈር ሱቆች፣ በየጥጉ፣ በየመኪናው ኮፈን ውስጥ አለ። የቬፑ ፈሳሽ ግን አልተመለሰም። ሊገድልህ የሚችለው ነገር እጅህ ላይ፣ ከእሱ ያወጣህ ነገር የትም የለም። ማናሴ በዚህ አራት ወር ለራሱ የማለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አላጨስም። ለጤናው ብቻ አልነበረም፤ ደረቱ ቀሎት ደረጃ ሲወጣ አለማለክለኩን ይወደዋል እንጂ ያ ብቻውን አያቆመውም ነበር። አንዲት ሲጋራ ካጨሰ አቢሶ ልክ ሊሆን ነው። ይህን ሊሸከመው አይችልም።

ወጥ ቤቱ ውስጥ የአቢሶ ሚስት የሻሽወርቅ ዳቦ ትቆርጣለች። ሁለቱም ወንዶች ገብተው በፕላስቲክ በተሸፈነው ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ተቀመጡ። ቤቱ የተከራዩት ቤት ነው፤ ሁለት መኝታ ክፍልና አንዲት ሳሎን፤ ሳሎኑ እስከ ጣሪያው በብስኩትና በሳሙና ካርቶን ተሞልቶ ካርቶኑ ሶፋው ላይ ከተቀመጠ ሰው ጉልበት ፊት ለፊት ግድግዳ ሆኗል። ከብስኩቶቹ ኋላ ያለው ሌላ ካርቶን ነው፤ የሻሽወርቅ ወለሉን ስትጠርግ እየዞረችው ታልፋለች፤ ስሙን ግን አትጠራውም። ማናሴ አንገቱን ደፍቶ ሻዩን አማሰለ። እሷም ቢላዋውን ከሚገባው በላይ ታጥባለች። በዚያች ወጥ ቤት ሦስት ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ሦስቱም ዳቦ ይበላሉ። የአጎቱን ፊት ቀና ብሎ ሲያየው የሐፍረት ምልክት ፈልጎ አጣበት፤ ይኸው ነው ከሁሉ በላይ ያንገበገበው።

«ኔትወርኩ ዛሬ ጥሩ አልነበረም» አለ አቢሶ፣ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ።

«አዎ፤ ይቆራረጥ ነበር» አለች የሻሽወርቅ።

አቢሶ አፉን ጠርጎ ተነሳና ኮቱን ሲለብስ፣ «ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ከወንድም በላይነህ ጋር ሱቅ እንመጣለን» አለው። «የአንተ ጉዳይ ስድስት ወር ሞላው። ጭሱን ትተህ እንደሆነ እናያለን። ተዘጋጅ።» ቀጥሎም በሩ ላይ ቆሞ፣ ሱቁ ውስጥ ዱቄቱ ሥር ያሉት ሁለት የሲጋራ ካርቶኖች ሳያልቁ እንዳይደውል፣ አንዷን ሲጋራ ከአሥር ራንድ በታች እንዳይሸጥ አሳሰበው። ይህን ሁሉ ያለው በአንድ ትንፋሽ ነው። የሻሽወርቅ «ሻዩ እየቀዘቀዘ ነው» አለች፤ ለማን እንዳለችው አይታወቅም።

ሱቁ ከቤቱ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። የሐምሌ ብርድ ሣሩን አመድ አስመስሎታል፤ ሰው ሁሉ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ታክሲ ይጠብቃል። ሱቁ ቀድሞ የአንዲት ሴትዮ ጋራዥ ነበር፤ አቢሶ ተከራይቶ የብረት በር ገጠመለት፤ የፊቱን ግድግዳ አፍርሶ ከጣሪያ እስከ ወገብ የሚደርስ የብረት ፍርግርግ አቆመበት፤ በፍርግርጉ መሐል ዳቦ የምታሳልፍ ቀዳዳ ተወ። ከውስጥ የተቆለፈው በር ቀን አይከፈትም፤ ሌባ ይፈራል። ማናሴ ገብቶ ሦስቱን ቁልፍ ከኋላው ሲቆልፍ በየቀኑ እስረኛው ማን እንደሆነ ያስባል። ከዱቄቱ ጆንያ ሥር ሁለቱ ካርቶን ተኝተዋል። ፖሊስ ቢመጣ የሚያዘው አቢሶ አይደለም፤ ከፍርግርጉ ጀርባ የተገኘው ነው። አቢሶ ይህንንም «ጌታ ይጋርድሃል» ብሎ ጨርሶታል።

እዚህ ሰፈር ሲጋራ በፓኬት የሚገዛ ጥቂት ነው። ሰው የሚገዛው አንድ አንድ ነው፤ ሉስ ይሉታል። ሉስ ሲሸጥ ባለሱቁ እሳትም ይሰጣል፤ ስለዚህ ፍርግርጉ ላይ በሲባጎ የታሰረ ላይተር ተንጠልጥሏል። ደንበኛው ሲጋራውን አፉ ላይ አድርጎ ፊቱን ወደ ቀዳዳዋ ያስጠጋል፤ ይለኩሳል፤ የመጀመሪያው ጭስ፣ ያ ከሁሉ የሚጣፍጠው፣ በቀጥታ ወደ ውስጥ ይገባል። ወደ ማናሴ አፍንጫ ማለት ነው። ሌላው ሰው በማስክ ሲማረር ማናሴ ደስ ብሎት ሁለት ደርቦ ያደርጋል። ሲጋራ ከፓኬቱ ሲያወጣም እጁን በዳቦ ፕላስቲክ ሸፍኖ ነው፤ ሽታው ጣቱ ላይ ከቀረ ሌሊቱን ጣቱን ሲያሸት እንደሚያድር ያውቃል። ደንበኞቹ ኮሮና የፈራ ይመስላቸዋል፤ አንዳንዶቹ ጎበዝ ይሉታል።

ሦስት ሰዓት ላይ ከእገዳው በፊት ገዝቶ ያስቀመጠው የቬፕ ፈሳሽ አለቀ። ለሳምንት ያህል በቀን አሥር ጊዜ፣ ከዚያ ስድስት ጊዜ፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ እያለ ቆጥቦት ነበር። የቀረችውን አንድ ሳብ ለአሥር ሰዓት፣ ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ለሚሆነው ጭንቅ አስቀምጧት ነበር። ግን ከጠዋት ጀምሮ ያ «ሁለት ሺህ ራንድ» ጆሮው ውስጥ እየደጋገመ አላስቀምጠው አለ። ከስኳሩ ጀርባ አጎንብሶ ሳባት፤ የተቃጠለ ጥጥ ጣዕም አፉን ሞላው። እንፋሎት እንኳ አልወጣም። ደግሞ ሳበ፤ ባዶ። በጨርቅ ጠርጎ ደግሞ ሞከረ፤ ባዶ። ከዚያ ኪሱ ከተታትና ጄፕ፣ የሐበሻ ነጋዴ በሞላበት የመሐል ከተማ ሰፈር፣ ለሚሠራው ጓደኛው ሚስባህ ደወለ።

ሚስባህ የስልክ ዕቃ ጅምላ ይነግዳል፤ የስልጤ ልጅ ነው፤ መስከረም ላይ ቬፑን ራሱ መርጦ የገዛለት እሱ ነው። «ወላሂ የለም» አለው። «ከፎቅ እስከ ፎቅ ጠየቅኩልህ። አንድ ሰው ጋ ነበር፤ አንዷን ትንሽ ጠርሙስ ስድስት መቶ ይላል፤ እሷንም ትናንት ሸጧታል።»

«ሌላ ሰው የለም?»

«ሲጋራ ከሆነ አሁን አሥር ካርቶን በታክሲ ጭኜ ልልክልህ እችላለሁ። የፈለግከው ዓይነት አለ። ያንን ግን ማን ያመጣዋል፤ የሚፈልገው ጥቂት ሰው ነው፤ አያዋጣም።» ቀጥሎም፣ «ሱቅህ ውስጥ ሲጋራ የለህም እንዴ፤ አንዷን ሳብና ተገላገል» አለ። በክፋት አልነበረም፤ እሱ አጭሶ አያውቅም።

ማናሴ ስልኩን ዘጋ። አንዷን ሳብና ተገላገል። ሰው ሁሉ ነገሩን እንዲህ ቀላል ያደርገዋል፤ ከልካዩም፣ ሻጩም፣ ጓደኛውም። ውሃ ጠጣ። ማስቲካ አላመጠ፤ ማስቲካው ጣዕሙን ጨርሶ ጎማ እስኪሆን አላመጠው። መንደሪን ልጦ በላ፤ ልጣጩን አፍንጫው ላይ ያዘ። መደርደሪያውን አወረደና እንደገና ደረደረ፤ ሳርዲኑን ከባቄላው ለየ። እጁ ሥራ ሲያገኝ አንጎሉ ዝም ይላል፤ ዝም የሚለው ግን ለሦስት ደቂቃ ነው። ከዚያ ደንበኛ ይመጣል፤ «ማይ ፍሬንድ፣ ቱ ሉስ» ይላል፤ ላይተሩ ይጮኻል፤ ጭሱ በሁለት ማስክ አልፎ ይገባል። ጉሮሮው ራሱ ያለ ፈቃዱ ሲውጠው ይሰማዋል። ከቀትር በፊት ለአሥራ ዘጠኝ ሰው ሲጋራ ሸጧል። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ላይተሩ ተጫረ፤ እያንዳንዱ ጊዜ ለእሱ ብቻ የተጫረ መሰለው።

ስምንት ሰዓት ግድም አንዲት አሮጊት መጡ። ጎጎ ይላቸዋል፤ እዚህ ለአያት የሚባለው እንደዚያ ነው። በፊት በየቀኑ አንድ ዳቦና አንድ ሉስ ነበር የሚወስዱት፤ ሉሱ ሁለት ራንድ በነበረበት ጊዜ ማለት ነው። ከብርዱ የተነሳ ብርድ ልብሳቸውን በወገባቸው ጠምጥመውታል። ሳንቲሙን በቀዳዳዋ አንድ በአንድ አስገቡና «ሉስ ብቻ» አሉ። ዳቦውስ ሲላቸው ትከሻቸውን ሰበቁ። «ልተው አልኩ፤ አልተወኝም፣ ልጄ» አሉት በተሰባበረ እንግሊዝኛ። ለኩሰው እዚያው ቆመው ሳቡት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው። ማናሴ ያን የተጨፈነ ዓይን ያውቀዋል። ዳቦ አውጥቶ በቀዳዳዋ ሰጣቸው፤ ገፉት፤ ለማኝ አይደለሁም አሉና ሄዱ። የአንዲት አሮጊት ዳቦ በአጎቱ ሳሎን ውስጥ፣ ከብስኩቶቹ ኋላ፣ ሁለት ሺህ ራንድ ሆኖ ተኝቷል። የእሱም እጅ አለበት፤ ሳንቲሙን የተቀበለው ማን ሆነና። በዚህ ራሱን ጠላ፤ ራስን መጥላት ደግሞ ሲጋራ ለሚያምረው ሰው ጥሩ ጓደኛ አይደለም።

ሰው በጠፋበት በዚያች ሰዓት ፕላስቲኩን ከእጁ አወለቀ። ከተከፈተው ፓኬት አንዷን አወጣ። ቀላል ናት፤ ምን ያህል ቀላል እንደሆነች ረስቶት ነበር። ሁለቱን ማስክ አገጩ ላይ አወረደ። አፉ ላይ አደረጋት፤ ከንፈሩ ላይ ስትጣበቅ እንኳን ደህና መጣህ ያለችው መሰለው። ላይተሩ ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል፤ እጁን በቀዳዳዋ አሾልኮ ሳበውና ወደ ውስጥ አመጣው። አውራ ጣቱን ድንጋዩ ላይ አድርጎ ቆመ። ማንም አያውቅም። አሥር ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁት ከመስከረም ጀምሮ አላጨስኩም ቢል ማን ይከራከረዋል። ለቬፕ ሲምልላቸው ያላመኑት ሰዎች ለውሸት ሲምልላቸው ያምኑታል። እዚህ ላይ ነው ሐሳቡ የተጠመዘዘበት። ከዛሬ በኋላ እሱና አቢሶ አንድ ዓይነት ሰው ሊሆኑ ነው፤ ከመስኮቱ ወዲህ አንድ ነገር፣ ከመስኮቱ ወዲያ ሌላ። ሲጋራዋን ከአፉ ነጥቆ ሰበራት፤ ትንባሆው መዳፉ ላይ ተበተነ። እጁን በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጠበ። ሽታው አልለቀቀም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት አልሄድ አለ። ላብ በብርዱ መሐል ጀርባው ላይ ወረደ። አንዱን ደንበኛ መልሱን አሳስቶ ሰጠው፤ ሌላውን ያለ ምክንያት ተቆጣው። አንድ ነገር ብቻ ጥርት ብሎ ታየው፤ ይህ ፓኬት አጠገቡ፣ ይህ መስኮት ፊቱ እያለ፣ በባዶ ቬፕ ዛሬን አይሻገርም። ነገ ጠዋት ጀግና ሊሆን ይችላል። ዛሬ ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ ያጨሳል። ይህን ለራሱ ሲያምን ፈራ፤ ፍርሃቱ ከአቢሶም ከፖሊስም ይልቅ ከባድ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ መጡ። አቢሶ ጥቁር ኮት ለብሶ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዟል፤ በላይነህ ከኋላው ቀስ እያለ ይራመዳል፤ ጄፕ ልብስ ሰፊ የሆነ ዝምተኛ ሽማግሌ ነው። በሩ ቀን ስለማይከፈት፣ በሽታውም ስላለ፣ የቸርቹ ሽማግሌዎች እንደማንኛውም ዳቦ ገዢ ከፍርግርጉ ውጭ ሲሚንቶው ላይ ቆሙ። መሬቱ ላይ ሰው ተራርቆ እንዲቆም የተቀባ ቢጫ መስመር አለ፤ አቢሶ በመጀመሪያው፣ በላይነህ በሁለተኛው ላይ ቆሙ። ኋላቸው ሦስት ደንበኞች ተሰለፉ። እንዲህ ያለ የዲሲፕሊን ጉባኤ በምድር ላይ ተደርጎ አያውቅም።

«ወንድም ማናሴ» አለ አቢሶ፤ በቤት ውስጥ ወንድም ብሎት አያውቅም። «በእግዚአብሔር ፊት ነህ። ሲጋራ አጭሰሃል?»

«አላጨስኩም። ከመስከረም ጀምሮ።»

«ያችስ ዕቃ?»

ማናሴ ቬፑን ከኪሱ አውጥቶ በቀዳዳዋ አሳለፈለት። አቢሶ በሁለት ጣቱ እንደሞተ አይጥ ተቀበላትና ለበላይነህ አቀበለው። በላይነህ ገልበጥ አድርጎ አያት፤ ቀና ብሎ ደግሞ የማናሴን ፊት አየ። በዚህ መሐል የሥራ ቱታ የለበሰ አንድ ሰው ተራ መጠበቅ ሰልችቶት በአቢሶ ትከሻ ላይ አሥር ራንድ ዘረጋ። «ሳውቦና፣ ማይ ፍሬንድ። ዋን ሉስ።» ማናሴ አጎቱን አየው። አቢሶ በዓይኑ ስጠው አለ። ሰጠው። ሰውየው ለኩሶ ጭሱን ሲለቀው በአቢሶ ፊት ላይ አለፈ፤ አቢሶ ፊቱን አጨማድዶ በመጽሐፍ ቅዱሱ አራገበው።

«እንግዲህ ዕቃዋን አስረክቧል» አለ አቢሶ ወደ በላይነህ ዞሮ። «ወደ ኳየሩ ይመለስ እላለሁ። ጌታ ይመስገን።» ዓይኑን ጨፍኖ ወንድማችንን ከጭስ ባርነት ስላወጣህ እያለ አጭር ጸሎት ጸለየ። አሜን ካለ በኋላ ወደ ቀዳዳዋ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መኪናው ውስጥ አምስት ካርቶን አለ። ሲመሽ፣ ሰው ሲቀንስ፣ በበሩ አስገባው።»

ማናሴ ቀኑን ሙሉ ያዘጋጀው ስድብ ነበረው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ሊለው ነበር፤ ጎጎን ሊነግረው ነበር። አፉን ሲከፍት የወጣው ሌላ ነው።

«ጋሼ፣ እኔ ሲጋራ አምሮኛል።»

«ምን አልክ?»

«አምሮኛል። እዚህ ከቆየሁ ዛሬ አጨሳለሁ። ስምንት ሰዓት ላይ አፌ ላይ አድርጌያት ነበር። ያቺ የያዙት ዕቃ ባዶ ናት፤ የምትይዘኝ እሷ ነበረች። አሁን የሚይዘኝ የለም።»

አቢሶ ወደ ሰልፈኞቹ ዞር ብሎ አየ፤ አማርኛ የሚሰማ በላይነህ ብቻ ነበር። «ታዲያ ጸልይ» አለ።

«ይህን ካርቶን ይውሰዱልኝና ልጸልይ።»

«ንግድ ሌላ ነገር ነው። እኔ አላጨስኩም።»

«እኔም አላጨስኩም» አለ ማናሴ። «የታገድኩት ግን እኔ ነኝ።»

አቢሶ ተቆጣ። ሱቁ የማን እንደሆነ፣ ክፍሉ የማን እንደሆነ፣ ከሆሳዕና ማን እንዳመጣው አንድ በአንድ ነገረው። ማናሴ እያዳመጠ ሦስቱን ቁልፍ ከፈተ። በሥራ ሰዓት ያን በር ሲከፍት የመጀመሪያው ነው። ጃኬቱን አንጠልጥሎ ወጣና ቁልፎቹን በአጎቱ እጅ ላይ አስቀመጠ። ከልቡ እጅ ነሳው፤ የእናቱ ወንድም ነውና።

«ዛሬ ከሄድክ ማታ ቤት እንዳትመጣ» አለ አቢሶ።

«እሺ፣ ጋሼ።»

በሩ ተከፍቷል፤ ሰልፉ አምስት ሰው ሆኗል፤ ውስጥ የወተቱም የዱቄቱም የመሳቢያውም ነገር አለ። በዚህ ሰፈር የተከፈተ ስፓዛ ያለ ሰው አንድ ደቂቃ አያድርም። አቢሶ ማናሴን አየ፤ በላይነህን አየ፤ ወደ ውስጥ ገብቶ በሩን ከኋላው ቆለፈው። በፍርግርጉ ውስጥ ጥቁር ኮቱና ነጭ ሸሚዙ ታዩ። ፊተኛዋ ሴትዮ ሃያ ራንዷን ዘረጋች። «ማይ ፍሬንድ፣ ቱ ሉስ» አለችው።

አቢሶ አንድ እጁ ላይ መጽሐፍ ቅዱሱን፣ በሌላው ቁልፎቹን እንደያዘ ቆመ። ፓኬቱ የት እንዳለ ያውቃል፤ ዋጋውንም ራሱ ነው የተመነው። እጁ ግን አልተዘረጋም። ሴትዮዋ ያልሰማት መስሏት ደገመችለት።

በዚህ ጊዜ በላይነህ ከሁለተኛው ቢጫ መስመር ወደ መጀመሪያው ተራመደ። ከጠዋቱ አሜን ወዲህ ድምፁ ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው ነው። እጁን በቀዳዳዋ አስገባ።

«ወንድም አቢሶ» አለ፣ «መጽሐፍ ቅዱሱን ልያዝልህ። እጅህ ይፈታ።»

አቢሶ በቀዳዳዋ አሳልፎ ሰጠው። ማናሴ ጥግ ላይ ደርሶ ዞሮ ሲያይ፣ አጎቱ ጎንበስ ብሎ የሴትዮዋን ሲጋራ ይለኩስላት ነበር። ጭሱ እስከ ጥጉ ደረሰ። አምሮቱ አልቀነሰለትም፤ እንዲያውም ከጠዋቱ ባሰ። ማስኩን አፍንጫው ላይ ከፍ አደረገና የት እንደሚያድር ሳያውቅ ወደ ታክሲው መንገድ ወጣ።